ጋሽ ውቤና ሁለቱ የግፊት መለኪያዎች

በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ያን ዘመን ሳስበው ያንገሸግሸኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የገዛ እጄ ጽሑፍ። ጋሽ ውቤ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ። የሚጠሉትን ነገር ሲሰሙ ሊቀ መንበር ፊትም ቢሆን እንትፍ ከማለት አይመለሱም። የእስቴና የስማዳ ወፍጮዎች ናፍጣ መርጫ የሚስተካከለው በእሳቸው እጅና በአንዲት አሮጌ የግፊት መለኪያቸው ነበር። ግፊቱ ካነሰ መርጫው ናፍጣውን እንደ ጉም መበተኑን ትቶ ያንጠባጥባል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ይተፋና ይቆማል።

በ1975 ዓ.ም. ስማዳ ውስጥ የወገዳው ወፍጮ እንዲሁ ሆኖ ቆመ። የተገጠመለት መርጫ ጋሽ ውቤ በመቶ ሰባ አምስት ባር ግፊት አስተካክለው የላኩት ነው። ገበሬው እህሉን ይዞ ሲመለስና ሲያጉረመርም ጥፋተኛ ተፈለገ፤ የወፍጮው ሠራተኛ አበጀ «አሻጥረኛ» ተብሎ ታሰረ።

ጋሽ ውቤ ግን የጠረጠሩት የራሳቸውን መለኪያ ነው። እሳቸው ሙያውን ላስተማሩት፣ ወገዳ ለሚሠራ ፈንታሁን ለሚባል ጠጋኝ አዲስ መለኪያ መጥቶለት ነበር።

«ያንኑ መርጫ እኔ እዚህ እለካዋለሁ፣ ፈንታሁን እዚያ ይለካው። ከተለያየን ጥፋቱ የመለኪያዬ ነው፤ አበጀ ይፈታ» አሉ። የማኅበሩ ኮሚቴ እሺ አለ። ጋሽ ውቤ ለኩና መቶ ሰባ አምስት አገኙ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ደብዳቤው ላይ የእኔን ቁጥር እንዳትጽፍ። እሱ ያየውን ይጻፍ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

እኔ ሞኙ ግን ቁጥር የሌለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነውር መሰለኝ። «በጓድ ውቤ መለኪያ 175» ብዬ ጽፌ ማኅተም መታሁበት፤ ከመርጫው ጋር ለፈንታሁን ተላከ።

በሳምንቱ መልስ መጣ፤ «175። ሁለቱ መለኪያዎች ተስማምተዋል» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ከረገጠ ዓመታት ያለፉት ሊቀ መንበራችን፣ «በሁለት ምስክር ነገር ይጸናል» ብሎ ጠቀሰልን። አበጀ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ጋሽ ውቤ አላመኑም። እኔን አስከትለው በጭነት መኪና ወገዳ ሄዱና መርጫውን በፈንታሁን መለኪያ ራሳቸው ፈተኑት። መርፌው መቶ አርባ ላይ ሲደርስ መርጫው ተከፈተ። በዚያው መለኪያ ወደ መቶ ሰባ አምስት አጥብቀው ቢገጥሙት ወፍጮው ያለ ጭስ ይፈጭ ጀመር።

«በፊትስ ስትለካው ስንት አለህ?» አሉት ፈንታሁንን።

«መቶ አርባ፣ ጋሼ።»

«ምነው ታዲያ መቶ ሰባ አምስት ጻፍህ?»

«ደብዳቤው የእርስዎን ቁጥር ይዞ መጣ። ያስተማሩኝ እርስዎ! እኔ ማን ሆኜ ነው በእርስዎ ላይ ቃል የምመልሰው?»

«አበጀን ለእኔ ክብር ገበርኸው በለኛ!» ብለው እንትፍ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለ ነበር።

ተመልሰን ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። «መለኪያዬ ውሸታም ነው። ወፍጮው ይኸው እየፈጨ ነው፤ ሰውየውን ፍቱት» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «አሻጥረኛው ከተነሣ በኋላ ወፍጮው መሥራቱ ምን ይገርማል? ይኸው ማስረጃው!» አለና መዝገቡን ዘጋው። እኔም ቃለ ጉባኤውን እንዳለው አድርጌ ጻፍኩ። ማኅተምም መታሁበት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለታሰረ ሰው ግን ጣጣው ማደሩ ነው። ከወር በኋላ የአበጀ ሚስት ብርቄ ስንቅ ይዛ ወደ ወህኒ ስትሄድ በእኛ በኩል አለፈች።

«ወፍጮው ደህና ሆነልን፤ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ስንቁንም እዚያው ነው ያስፈጨሁት» ብላ እጅ ነሣች።

«ጋሼ አትበይኝ» አሉና አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት፤ መለኪያውን፣ ፈንታሁንን፣ የእኔን ደብዳቤ።

ብርቄ አላለቀሰችም። ስልቻዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አለች። «እሱ እኮ ‹ጋሽ ውቤ ለክተው ያስፈቱኛል› እያለ ነው የሚጠብቅዎ።»