ከገለባው ስር የነበረች እርጥበት

አያቴ ካረፉ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው የጥጥ ለቀማ ነው። እርሳቸውን ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ አንዲት ልማዳቸው ናት። ከጉንደ ወይን ቁልቁል በሚገኘው የቆላ ማሳቸው፣ ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው በጥጡ ዙሪያ ከጎዘጎዙት ገለባ ስር እጃቸውን ያስገባሉ። አፈሩ ረጥቦ ካገኙት «አለች፤ አልሄደችም» ይሉ ነበር፤ ስለ እርጥበቷ ሳይሆን ስለ ቤተሰብ ሰው የሚያወሩ ይመስል።

አንድ ዓመት ዝናቡ በነሐሴ ቆመ። ከምሠራበት ከሞጣ ስመጣ የጠብታ መስኖው ጎማ በደለል ተደፍኖ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ሲከፍቱ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ይህ ጥጥ አይሆንም። ይተዉት፤ ገለባውንም ለላሟ ይስጡት» አልኳቸው።

አልተቆጡም። እጄን ይዘው ገለባው ስር አስገቡት። ላዩ እንደ ምጣድ የሚፋጀው መሬት ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«አየህ ልጄ? ትንሽ ናት። ካላጋለጥናት ግን አትሄድም» አሉኝ።

አፍሬ መርፌውን ተቀበልኳቸው። ሦስት ቀን አብረን ጎማውን ስንከፍት ዋልን። በዚያ ዓመት የጎረቤት ጥጥ ሳያፈራ ሲደርቅ የእኛ ነጭ ሆኖ ፈነዳ።

ዘንድሮም ፈንድቷል። ትናንት ብቻዬን ልለቅም ወረድኩ። ለሁለት የለመድነው ማሳ ለአንድ ሰው ሲሆን እንዲህ እንደሚሰፋ አላውቅም ነበር። ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ቀና ሳልል፣ «አባባ፣ ትንሽ አናርፍም?» አልኩ።

ጥጥ በእጄ እንደያዝኩ መልሳቸውን ጠበቅሁ። ከዚያ እርሳቸው ይለቅሙበት ወደነበረው ወገን ተሻግሬ መስመራቸውን መልቀም ጀመርኩ።