ወንድሜ ካርታ ይዞ ሥራ ሲፈልግ

ወንድሜ በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። የመረጠውም ትምህርት ቤቱን ሳይሆን አክስታችን እዚያ ያላትን ትርፍ ክፍል ነው። ሲሄድ ለእናታችን ቃል ገባላት። «ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺኝ እንጂ ሥራ የምይዘው አጠገብሽ ነው» አላት። እማዬም ያቺን ቃል ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ቆመች።

ሲመረቅ፣ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ፣ እዚያው ያለ ዱቄት ፋብሪካ ሥራ ሊሰጠው ነበር። እዚያ ከተማ ትምህርት ቤቱን የማያውቅ የለም፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም፣ የባንኩ ኃላፊም የወጡት ከዚያው ነው። እሱ ግን ቃሌን አላጥፍም ብሎ ዲግሪውን ጠቅልሎ መጣ። ዲግሪ እንደ ሸሚዝ በሻንጣ ተይዞ የትም የሚለበስ መስሎት ነበር፣ የኔ የዋህ።

እኛ ከተማ ያሉ ቀጣሪዎች ደግሞ ሁሉም ከአደባባዩ ማዶ ካለው ኮሌጅ የወጡ ናቸው። እኔም ከዚያው ነኝ። ሥራ ያገኘሁት ገና ሳልመረቅ ነው፤ ይህንንም በየምሳው ሳላነሳበት አላልፍም። ወንድሜ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «የት ነው የተማርከው?» ይሉታል። ይናገራል። «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይላሉ። ከዚያ «እንደውልልሃለን»። ስልኩ ግን ጭጭ ነው።

አምስተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ደሙ ፈላ። «ካላወቁት አሳያቸዋለሁ!» ብሎ በትልቅ ወረቀት ላይ ካርታ ሣለ። መንገዱን፣ ድልድዮቹን፣ በክረምት በጭቃ የሚዘጋውን ቁልቁለት፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአክስታችንን ቤት ሳይቀር አስገባ። ቀለም እንድቀባለት ጠራኝ።

«ጎበዝ፣ ቀጥሎ አስጎብኚ ትሆናለህ» አልኩት።

«አፍሽን ዝጊና ወንዙን ሰማያዊ ቀቢ» አለኝ።

ስድስተኛው ድርጅት ሳሙናና ዘይት አከፋፋይ ነበር። ያ የተለመደ ጥያቄ ሲመጣ ወንድሜ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሦስቱም ጠያቂዎች አጎነበሱበት።

«ይቺ ድልድይ የጭነት መኪና ትችላለች?» አለ አንዱ።

«ባዶ ከሆነ ትችላለች። የተጫነ ከሆነ ግን በዚህ በኩል መዞር ነው» አለ ወንድሜ።

ስለ መንገዱ እርስ በርሳቸው ክርክር ገጠሙ። ስለ ማኔጅመንት አንዲት ጥያቄ ያነሳለት የለም። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፦ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተቀጥሯል። ቅርንጫፉ የት ነው? እዚያው ካርታው ላይ፣ ከአክስታችን ቤት ፊት ለፊት።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የእሱ ፊት ግን ጠቆረ። «አልሄድም፤ ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ» አለ። ሰባት ወር ያለ ሥራ የተንከራተተው ለማን ብሎ እንደሆነ ያኔ ነው ከልቤ የገባኝ። አፈርኩ።

እማዬ መነጽሯን አደረገች። «ያንን ካርታ አምጣው እስቲ። የአክስትህ ቤት የቱ ጋ ነው?»

በጣቱ አሳያት።

«መሥሪያ ቤትህ ከመስኮቱ ይታያል?»

«በደንብ ነዋ።»

«በል እንግዲያው፣ ሥራ የምይዘው አጠገብሽ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። የት እንደምሆን የምወስነው ደግሞ እኔ ነኝ» አለችና ብርድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

ከሄዱ አራት ወር ሆናቸው። ምሳ የምበላው ብቻዬን ነው፤ የማበሽቀው ሰው የለም። እውነቱን ልናገርና በጣም ናፍቀውኛል። ስለዚህ እዚያ ላለው ዱቄት ፋብሪካ የሥራ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ባለፈው ሳምንትም ደወሉልኝ።

«የት ነው የተማርሽው?» አለኝ ሰውየው።

ደረቴን ነፍቼ ከአደባባዩ ማዶ ያለውን ኮሌጄን ጠራሁለት።

«እሱ ደግሞ የት ነው?» አለ።

ወዲያው ለወንድሜ ደውዬ በሰውየው ላይ እርግማን ማውረድ ጀመርኩ። ወንድሜ ሳቁን እስኪጨርስ ድረስ ጠበቅኩት።

«አፍሽን ዝጊና» አለኝ፣ «አደባባዩን ቀቢ።»