ሌባ ያለፈው እጅ

ቡታጅራ፣ ጋሽ ደምሴ ታፔላ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት በድሩም አብሮኝ ጀመረ። ጋሽ ደምሴ ለሁለታችንም ብሩሽና ቁራጭ ላሜራ ሰጡንና «ሥጋ ቤት ብላችሁ ጻፉ» አሉን። የኔን አይተው «ንጹሕ ነው» አሉ። የበድሩን ሲያዩ ግን ሚስታቸውን ከጓዳ ጠርተው አሳዩዋት። ያቺን ጥሪ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ምኑ ነው የሚበልጠኝ? እኔ መስመር አሰምሬ፣ በእርሳስ ነድፌ፣ ፊደሉን በልኩ አስቀምጣለሁ። እሱ መስመር እንኳ አያሰምርም። የሱ «መ» ሁለት ሆዱ እኩል ሆኖ አያውቅም፤ ግራው ጠገብ፣ ቀኙ ሰለል ያለ ነው። ሰው ግን የሱ ታፔላ ሥር ቆሞ ያያል፤ የኔን አንብቦ ያልፋል።

ወልቂጤ ሄጄ የራሴን ሱቅ የከፈትኩት ለዚሁ ነው። በድሩ በሌለበት ከተማ ከኔ ወዲያ ማን አለ?

በቅርቡ፣ ፊት ለፊቴ ጫማ ቤት የምትከፍተው ሰሚራ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሽ ፈቃዱ፣ ዲዛይኑን ኤአይ ሠራልኝ። እርስዎ ቀለሙን ብቻ ያስቀምጡልኝ» አለች። «ሰሚራ ጫማ ቤት» ይላል። የ«ማ» ግራ ሆድ ጠገብ፣ ቀኙ ሰለል!

«በድሩ!» ብዬ ጮህኩ።

«በድሩ ደግሞ ማን ነው?» አለችኝ።

በማግሥቱ ቡታጅራ ወረድኩ። በድሩም ለካ ደርሶበት ኖሮ ነዷል። «ፈቄ፣ ዘረፉኝ እኮ!» አለ። የሥራውን ፎቶ ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፍ ኖሯል፤ ኩባንያዎቹ ሳይጠይቁት ማሽናቸውን አስተምረውበታል። ተናዶ፣ አንድ ኩባንያ የማያዝበት፣ ተጠቃሚው ራሱ በየሰፈሩ የሚያስተዳድረው አዲስ ማኅበራዊ መረብ ውስጥ ገብቷል። እዚያ የየአገሩ ታፔላ ጻፊ ይከራከራል። አንዱ «አንተስ ከአለቃህ አይተህ አይደል የተማርከው?» ብሎታል። በድሩ የመለሰለትን አነበበልኝ፦ «አለቃዬ እያየኝ ነው ያየሁት። ብሩሹንም የሰጠኝ እሱ ነው። እነዚህ ማንን ጠየቁ?»

እውነቱን ነው። እኔን ያበገነኝ ግን ሌላ ነው። ማሽኑን ታፔላ ሥራልን ባልነው ቁጥር የበድሩን እጅ ያመጣል። የኔ የለም። እኔም እኮ ከሱ እኩል ፎቶ ስለጥፍ ነው የኖርኩት!

«አልሐምዱሊላህ፣ አንተን አልነኩህም» አለኝ።

«ተመስገን» አልኩ በአፌ። በልቤ ግን፦ ምናለ እኔንም ቢሰርቁኝ!

ለሰሚራ ልሠራላት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ሰው አንድ ቀን እንኳ የኔ ታፔላ ሥር ይቆማል። ወልቂጤ ተመልሼ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሬ የ«ሰ»ን እግር ጀመርኩና አስቀመጥኩት። ማሽኑ የዘረፈውን እኔ ልድገመው? «የዚህ እጅ ባለቤት ቡታጅራ አለ፤ ለሱ ደውይ» አልኳት። ለበድሩ ሥራ ሳሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩን ራሴ ጽፌ ሰጠኋት።

መጣ። ሲጽፍ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

«ምቀኛ አታሳጣኝ!» አለ ከላይ ሆኖ፣ ቁልቁል እያየኝ እየሳቀ። ለካ ሲያውቅ ኖሯል።

ታፔላው ማሽኑ ከሠራው ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሰው ቆሞ ሲያየው አያለሁ፤ ዛሬም ያናድደኛል። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ቅናቱ አይለቅም። ሥራውን ግን ለባለቤቱ መስጠት ይቻላል።