የአሥራ አንድ ተረት ዕዳ

ልጅ ሳለሁ የአሥራ አንድ ተረት ዕዳ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ በእህል ንግድ ብዙ ተበድሬ ብዙ ከፍያለሁ፤ የዚያን ያህል ያስፈራኝ ዕዳ ግን የለም። ቁጥሩን አልሳሳትም። ቢቸና፣ በአክስቴ በይጋርዱ ቤት፣ ከምድጃው በስተግራ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ አሥራ አንድ መስመሮች ነበሩ። በየጠዋቱ ሰው ሳያየኝ ሄጄ እቆጥራቸው ነበር፤ አንድም ቀን ቀንሰው አላገኘኋቸውም።

መስመሮቹን የሚያሰምሩት አባባ ደሴ ነበሩ፣ የአክስቴ ባል አባት። በጉልምስናቸው በቅሎ እየጫኑ ዓባይን ሲሻገሩ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ በረሃው ውስጥ በቅሎዋ ከነጭነቷ ወድቃባቸው ቀኝ እግራቸው አልታጠፍ ብሎ ቀረ፤ ያኔ እኔ ሳውቃቸው መንገዳቸው ከመደብ እስከ ምድጃ፣ ከምድጃ እስከ መደብ ብቻ ነበር። ልጃቸው ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር በቤቱ የቀረነው አራት ነበርን፦ አባባ፣ አክስቴ፣ የአምስት ዓመት ልጇ ሙሉና እኔ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ማታ ራት ተበልቶ ካበቃ በኋላ፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ ጣሪያው ሥር ተጋድሞ፣ ኩራዙ ጋዝ እንዳይፈጅ ክሩ ዝቅ ተደርጎ፣ ፍሙ የአባባን ፊት ከታች ወደ ላይ ሲያቀላው፣ የጎረቤት ልጆችም እየመጡ ይቀመጡና ተረት ይጀመር ነበር። ሙሉ በአባባ ደህነኛ እግር ላይ ተጠቅልሎ ይሰማል። በዚያ ቤት ግን ተረት በነፃ አይሰማም። የሰማ ይመልሳል። ሰምቶ የራሱን ያልመለሰ አንድ መስመር ይሰመርበታል። የሰሙትን ያንኑ መልሶ መናገርም አይቆጠርም። «ስንዴ ባበድርሽ ያንኑ ፍሬ ለቅመሽ አታመጪልኝም፤ የራስሽን ስንዴ ነው የምትሰፍሪልኝ» ይሉ ነበር አባባ። ሙሉ የወተት ጥርሱን ነቅሎ እስኪጨርስ ከግብር ነፃ ነበር። የጎረቤት ልጆች ከየእናታቸው እየተቀበሉ ይከፍላሉ። እኔ ግን እናቴ ሞጣ ከሞተች በኋላ ነው የመጣሁት። እሷ የነገረችኝ አንድ ተረት ነበረች፤ እሷን በመጀመሪያው ሳምንት ከፈልሁ። ከዚያ በኋላ ከሰሉ ብቻ ሆነ።

አንድ ማታ አባባ አሥራ አንደኛውን መስመር አሰመሩና፣ «ይቺ የሞጣ ልጅ ዕዳዋ ግድግዳዬን ሊጥለው ነው! እስከ መስቀል ካልከፈለች በቅሎ ላይ ጭኜ ወደመጣችበት እሰዳታለሁ» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። 

ሞጣ ምን እንደሚጠብቀኝ ከእኔና ከአክስቴ በቀር በቤቱ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ጢሙ ለሸበተ፣ ሁለት በቅሎ ላለው ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ነበር። አክስቴ «ሙሉን የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁ» ብላ ነው የወሰደችኝ። አባቴም ሲሸኘን «ካላስፈለገችሽ መልሺያት፤ ልብሱ ተገዝቷል» አላት። ያቺ ቃል ከሞጣ እስከ ቢቸና በመንገዱ ሁሉ ከኋላዬ ስትራመድ ነበር።

ከዚያ ማታ እስከ መስቀል ሠላሳ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። ማካፈል ገና አልተማርሁም፤ ሠላሳ ሁለት የባቄላ ፍሬ ጓሮ ከድንጋይ ሥር ደብቄ በመስመሮቹ ልክ ደለደልሁት። ለአንድ ተረት ሦስት ቀን እንኳ አልሞላ አለ። በየቀኑ አንድ ባቄላ እጥላለሁ። ባቄላው እያለቀ ሄደ፤ ተረት የሚባል ነገር ግን ወደ እኔ ዝር አላለም።

ያኔ ከራስ ነገር ማውጣት ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። ቢቸና ላደገ ልጅ ይህን ማመን ቀላል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቅኔ ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ደርበው በየዛፉ ሥር ብቻቸውን ሲያጉተመትሙ ይውሉና፣ ማታ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ይዘው መምህራቸው ፊት ይቀርባሉ። እንዴት ቻሉ ሲባል፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠጥተው ነው» ይል ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ጥበቡ የሚባለው፣ እኩለ ቀን ላይ በራችን ቆሞ ቁራሽ ይለምን ነበር። አንድ ቀን ልቤን አደፋፍሬ ጠየቅሁት።

«ጥበቡ፣ በየቀኑ አዲስ ነገር ከየት ነው የምታመጣው?»

«ትናንት የሰጠሽኝ ቁራሽ ሻግቷል። ዛሬ ደህናውን ስጪኝና እነግርሻለሁ።»

ደህናውን ሰጠሁት። ግራ ቀኙን አየና፣ «አብሾ ጠጥቼ ነዋ! ያውልሽ ከአጥራችሁ ሥር፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም። ጭንቅላት ይከፍታል» አለኝ።

«ያልተከፈተለትስ?»

«እሱማ ያብዳል» አለና እየሳቀ አኩፋዳውን አንግቶ ሄደ። መሳቁን አየሁ፤ መቀለዱን አላወቅሁም።

መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው የገበያ ቀን ነበር። አክስቴ ሽንብራዋን ይዛ ገበያ ወጣች፤ አባባ መደቡ ላይ አንቀላፍተዋል። አብሾውን እንዴት እንዳዘጋጀሁት አልጽፍም፤ ልጆች ያነቡታል። በሽክና አድርጌ ወደ ከንፈሬ ሦስት ጊዜ አነሣሁት፣ ሦስት ጊዜ መለስሁት። ገበያው መሃል ገለባ እየለቀመ ከራሱ ጋር የሚያወራ አንድ እብድ ነበር፤ ሽክናውን ባነሣሁ ቁጥር የእሱ ጣቶች ይታዩኛል። በመጨረሻ ሽክናውን ከጋኑ ኋላ አስቀመጥሁና ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ስንት ባቄላ እንደቀረኝ ደግሜ ልቆጥር። አምስት ነበር። እንደገና ቆጠርሁ። አሁንም አምስት።

ስመለስ ሽክናው ተደፍቶ አገኘሁት። ወለሉ ግን ደረቅ ነበር።

ሙሉ ከጋኑ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን ይጠርጋል። «ውሃው ይመራል» አለኝ።

«ስንት ጉንጭ ጠጣህ?»

ሦስት ጣቱን አሳየኝ።

አባባን ወዲያው አልቀሰቀስሁም። ምንም ላይሆን ይችላል ብዬ ዝም አልሁ። የዚያን ዝምታ ርዝመት ዛሬ በትክክል ማስላት አልችልም፤ ከሕይወቴ ያልቆጠርሁት ነገር እሱ ብቻ ነው፣ ከዕዳዬም ሰርዤው አላውቅም። ከዚያ የልጁ ፊት እንደ ፍም ቀላ። ምላሱ ደረቀ። የዓይኑ ጥቁር እየሰፋ ሄዶ ሌላው ቀለም ጠፋ። በጣቶቹ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር መልቀም ጀመረ፤ ልክ እንደ ገበያው እብድ።

ዞር ብሎ አባባን አየና «ጅብ!» ብሎ ጮኸ።

አባባ ባንነው ተነሡ። «ምን ሆነ? ምን ነካው?»

«አብሾ» አልሁ። 

በዚያች ቅጽበት ከውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥበቡ ነበር። አባባ እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ «ቁራሹን ተወው! ጤና ጣቢያ ሩጥና ድሬሰሩን አምጣ! ሕፃን አብሾ ጠጥቷል በል!» ጥበቡ በበሩ አንገቱን አስግጎ ልጁን አየ፣ ከዚያ እኔን። ፊቱ አመድ መሰለ። አኩፋዳውን ደጃፉ ላይ ጥሎ በረረ።

አባባ በመዳፋቸው ወለሉን እየዳሰሱ ወደ ልጁ ተሳቡ። በተጠጉ ቁጥር እሱ እየጮኸ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከኋላው ደግሞ ምድጃው አለ፣ ፍሙ አልጠፋም። ሮጬ ከወገቡ ያዝሁት። የአምስት ዓመት ልጅ ነው፣ ግን እንደ ወይፈን ይታገላል።

«አይምጡ አባባ! ሲያይዎት ይብስበታል!»

አባባ ወለሉ መሃል ቀጥ አሉ።  «እውነትሽን ነው፤ ትናንት ማታ የነገርሁትን ጅብ ነው የሚያይብኝ። በጉልበት አትችዪውም። በወሬ ያዢው። ተረት ንገሪው።»

«ቀን ነው እኮ አባባ!» በአገራችን በቀን ተረት የተናገረ ቀንድ ይበቅልበታል ይባላል፤ እኔም ከልቤ አምን ነበር።

«ቀንዱ በእኔ ይብቀል! ንገሪው!»

አፌን ከፈትሁ። ምንም አልነበረበትም። ሙሉ ግን በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ። «ሰዎቹ እየሄዱ ነው» አለ። የሚያየው የእኔን መስመሮች ነበር።

«ስንት ናቸው?» አልሁት። ሌላ ጥያቄ አላውቅማ።

«ብዙ።»

«አሥራ አንድ ናቸው። ነጋዴዎች ናቸው፤ ዓባይን ሊሻገሩ እየወረዱ ነው።»

«የፊተኛው ምን ጭኗል?»

«ሽንብራ» አልሁ። አክስቴ ጠዋት ስትሸከም ያየሁት እሱን ስለሆነ ነው።

«ጅቡስ?» ዓይኑን ከአባባ ላይ አልነቀለም።

«ጅቡ... ጅቡ የመሻገሪያው ቀራጭ ነው። ካልከፈሉት አያሳልፍም። አትፍራው፤ አንድ እግሩ አይታጠፍም፣ መሮጥ አይችልም።»

የፊተኛው ሽንብራውን ከፍሎ ተሻገረ። ሁለተኛው ባርኔጣውን ሰጠ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ምንም ስላልነበራት ማስነጠሷን ሰጠችው አልሁ፤ ይህ ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ያን ጊዜ አባባ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ጣሪያውን በሚያናውጥ ድምፅ አነጠሱ። ሙሉ ደነገጠ፤ ከዚያ አንዲት አጭር ሳቅ አመለጠችው። ትግሉ ትንሽ ላላ። አባባ በዓይናቸው «ቀጥዪ» አሉኝ።

ቀጠልሁ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ይሁን ቅርብ አላውቅም፤ ያሉኝ ሰዎች ግን ስምንት ብቻ ቀርተዋል። ስለዚህ ቆጠብሁ። አራተኛውን የጫማው ጠፍር እንዲበጠስበት አደረግሁ፤ አምስተኛው ከጅቡ ጋር ሲከራከር ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ ስድስተኛዋ የረሳችውን ለማምጣት እስከ ደጀን ተመለሰች። የልጁ ልብ መዳፌ ሥር ይመታል፤ ከወሬው ጋር አብሬ እሱንም እቆጥር ነበር፤ እየፈጠነ ሲሄድ ቁጥሩ ከእጄ ያመልጠኛል። ዘጠነኛው ተሻገረ። ሰው አልመጣም። አሥረኛውን ወንዙ መሃል ድንጋይ ላይ አቆምሁትና የእናቱን ስም፣ የበቅሎውን ቀለም፣ የኮርቻውን ዋጋ ዘረዘርሁ። እሱም ተሻገረ።

«የኋለኛዋስ?» አለ ሙሉ፤ ድምፁ ሰልሏል።

«የኋለኛዋ የሞጣ ልጅ ናት። ውሃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል።»

«ምን ከፈለች?»

በሩ ተበረገደ፤ ድሬሰሩ ቦርሳውን ይዞ ገባ፣ ጥበቡም ከኋላው።

ድሬሰሩ በቱቦ ሆዱን አጠበው፣ እስኪመሽም ከአጠገቡ አልተነሣም። ልጁ ዳነ። ሁለት ቀን የቅርቡን ነገር አጥርቶ ማየት ተስኖት እጁን ዓይኑ ላይ አስጠግቶ ጣቶቹን ሲፈልግ ይውል ነበር። አክስቴ አልመታችኝም። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከእጄ ውሃ ተቀብላ አልጠጣችም።

መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ፣ ማንም ጎረቤት በሌለበት፣ አባባ ወደ ግድግዳው ጠሩኝ። ሞጣ የሚለውን ቃል እየጠበቅሁ ቆምሁ።

«ቁጠሪ» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

አውራ ጣታቸውን አርሰው አሥሩን አንድ በአንድ አጠፉ። «አሥሩ ተሻግረዋል። አንዷ ወንዙ ውስጥ ናት።»

«እሷን እስከ መስቀል ካልከፈልሁስ?»

«መስቀል ምን አለው?»

ረስተውት ነበር። ስለ በቅሎው፣ ስለ ሞጣ፣ ስለ ልብሱ ነገርኋቸው።  «ለሳቅ የተናገርሁትን አንቺ ስንት ቀን ተሸከምሽው?»

«ሠላሳ» አልሁ።

ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጭሱ ነው ብዬ ነበር ያኔ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ማንም ከዚህ ቤት አይሰድሽም» አሉ። «ደግሞስ እኔ አብሾ የጠጣሁ ይመስልሻል? በቅሎ ጫኝ ነበርሁ እኮ። በረሃ ስናድር እንቅልፍ እንዳይጥለን በየተራ እናወራ ነበር፤ እንጨት ለቃሚውም፣ ገመድ ጠላፊውም። ‹እኔ አልችልም› ያላለ ሰው አላየሁም። ተራው ደርሶበት ዝም ያለም አላየሁም።»

ከዚያ ወዲህ ሚዛን ይዤ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። የቀጠርሁት ሰው «እኔ ለዚህ የተሰጠሁ አይደለሁም» ሲለኝ ያቺ የደረቀች ወለል ትዝ ትለኛለች፤ አልመክረውም፣ ተራውን ብቻ እሰጠዋለሁ።

ሒሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። በአንድ ቀን አሥር ተረት ከፍያለሁ። ሞጣ አልተመለስሁም። ባዶ ነው ብዬ አምነው የነበረው አፌ ባዶ እንዳልነበረ አውቄያለሁ። ይህ ሁሉ ትርፍ በእኔ ስም ነው። ሙሉ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በአባባ እግር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። በሩ አጠገብ፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው ቁጢጥ ብሎ ይሰማ ነበር። አባባ አንዳንድ ጊዜ በልመና ዓይነት ሆን ብለው ያነጥሱለታል፤ ከሩቅ ፈገግ ይላል እንጂ አይመጣም። በሁለተኛው ክረምት ሞቱ፤ ያ እግር ባዶውን እንደተዘረጋ።

አሥራ አንደኛዋ መስመር አልጠፋችም። ይህን የጻፍሁትን ለእሷ መክፈያ ብዬ አልቆጥረውም፤ በእውነት የሆነ ነገር ነውና፣ አባባ በእውነት የሆነውን በተረት ምትክ አይቀበሉም ነበር። ያቺን ልጅ ከወንዙ ላወጣት ብዙ ማታ ሞክሬያለሁ። ውሃው አሁንም ጉልበቷ ላይ ነው። ሙሉ የጠየቀኝን እየጠየቅሁ እቆማለሁ፤ ምን ከፍላ ተሻገረች? መልሱን አውቀዋለሁ። እሷ አልከፈለችም፤ ሦስት ጉንጭ ሌላ ሰው ከፍሎላታል።