ከጎታው ላይ የነበረው ጭራ

ያን ዕለት ጠዋት ከባንዲራው ሥር የሳይንስ መምህራችን ጋሽ አሰፋ ቆመዋል። ከእሳቸው በስተቀኝ ዳይሬክተሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ፊት ለፊታቸው የትምህርት ቤቱ ልጆች በየክፍላቸው ተሰልፈዋል። እኔ በመሐል፣ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ድንጋዬ በጋሽ አሰፋ እጅ ነው።

ልጅ ሳለሁ የኮምቦልቻ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት ቦርከና ወርደው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጠራ አንሶላውና ጋቢው በየድንጋዩ ላይ ይሰጣል። የእንዶዱ አረፋ እየነጣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽታው ከእጅ ሳይለቅ ያመሻል። የእኔ ሥራ እንዶድ መውቀጥ ነበር። አንድ ቀን ጎርፍ ያመጣው ሰፊ ድንጋይ ላይ ስወቅጥ፣ ድንጋዩ ከላይ እንደ ቂጣ ተላጠና ከወገቡ ለሁለት ተሰበረ። ከተላጠው ሥር ዓሣ ተኝቷል። ጭንቅላቱና የጎድን አጥንቱ በአንደኛው ስባሪ ላይ፣ ጭራው በሌላው ላይ።

እናቴ አረፋውን ከእጇ ጠርጋ ብዙ አየችው። “የነቢ ኑህ የጥፋት ውሃ ያስቀረው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይረገጥም” አለች። ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ መምህሬን ልጠይቅ ብዬ ለመንኳት። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ሰጠችኝ። “በረካው ግን ለቤት ይቅር” ብላ ጭራውን የማሽላው ጎታ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ አሰፋ ድንጋዩን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ለሚያውቅ ሰው አሳይቼ እነግርሻለሁ ብለው ወሰዱት። ቀን ቀንን ወለደ። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ “ጋሼ፣ ድንጋዬን ይመልሱልኝ” አልኳቸው። በማግስቱ ከሰልፉ ጠርተው አንበረከኩኝ።

“ይህች ልጅ ድንጋይ በምስማር ቀርጻ፣ ዓሣ አገኘሁ ብላ መምህሯን ልታታልል መጣች” አሉ ድንጋዩን ከፍ አድርገው።

“ወላሂ አልቀረጽኩም! ጭራው እኛ ቤት አለ!”

“እሱንም ዛሬ ቀርጸሽ ልታመጪ ነው?”

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዳይሬክተሩም ሳቁ። ከዚያ ጋሽ አሰፋ መዳፌን በአለንጋ ገረፉኝ። ውሸት ከሆነ ለምን አይመልሱልኝም ብዬ የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ስሜ ዘይነባ መሆኑ ቀረ፤ “ጠራቢዋ” ሆንኩ። ቅልሞሽ ስንጫወት እንኳ፣ “ጠጠሩን ለእሷ አትስጧት፣ ዓሣ ታደርገዋለች!” ይሉ ነበር። ስሙ አብሮኝ አደገ። በሠርጌ ቀን ከሚዜዎቹ አንዱ፣ “ሙሽራው ይጠንቀቅ፣ ይህች ልጅ ድንጋይ ታናግራለች” ብሎ ቤቱን አሳቀ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ወደ ደሴ ስሸኝ ጭራውን በጨርቅ ጠቅልላ ከዕቃዬ ሥር ከተተችልኝ። “ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል” አለችኝ። እስኪቀል ብዙ ጠበቅሁ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን በዓል ሲያከብር እኔም ተጠራሁ። በጥሪው ላይ፣ አንጋፋው የሳይንስ መምህር በቦርከና ያገኙትን የጥንት ዓሣ ለትምህርት ቤቱ እንደሚያበረክቱ ተጽፏል። ደግሜ አነበብኩት። ከደሴ ፒያሳ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጭራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር።

የባንዲራው ምሰሶ ከቦታው አልተነሣም፤ ጠጠሩ ግን የለም፣ ሲሚንቶ ሆኗል። ከሥሩ ጠረጴዛ አለ። ጋሽ አሰፋ ከዘራቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ወጣት የጂኦሎጂ መምህርት በአጉሊ መነጽር ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላለች። ሰው ከቧቸዋል።

“ዓሣነቱ አያጠያይቅም ጋሼ” አለች። “ይህ አካባቢ ሐይቅ በነበረበት ዘመን የኖረ ነው። የየትኛው ወገን እንደሆነ ለመናገር ግን ጭራው ያስፈልገኛል። ቀሪው የት ሄደ?”

“እኔም ሳገኘው እንዲሁ ነበር” አሉ ጋሽ አሰፋ። “ቦርከናን ዳር እስከ ዳር ፈትሻለሁ። የለም።”

ሰዉን ሰንጥቄ ገባሁና ጨርቁን ፈታሁ። ጭራውን ከድንጋዩ ጎን አስቀምጬ በቀስታ ገፋሁት። የአንዱ ስብራት በሌላው ስብራት ውስጥ ገባ። ለሁለት ተከፍላ የነበረችው የአከርካሪ አጥንት ገጠመች።

“ያ አላህ!” አለች ልጅቱ። “እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?”

“ከእናቴ ጎታ ላይ።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጋሽ አሰፋ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ። “የማን ልጅ ነሽ አንቺ?”

“ዘይነባ ነኝ። ጠራቢዋ።”

አንገታቸውን ደፉ። አላዘንኩም።

“ጋሽ አሰፋ፣ ሰዉ እየሰማ ይናገሩ። ቀርጼው ነው ወይስ አግኝቼው?”

“ልጄ፣ ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር... በዚህ ዕድሜዬ ምኑን አስታውሰዋለሁ?”

ጠበቅኋቸው። ያኔ በሳቅ የተናጋው ሜዳ ይህ መሆኑን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ቀና አላሉም።

ልጅቱ አጉሊ መነጽሯን ወደ ጭራው አስጠግታ ነበር። “እማማ፣ ትንሽ ብቻ ልየው፤ ስሙን ልደርስበት ነው” አለች። ፊቷ ደስ ይላል። በዕድሜዋ ሳለሁ እኔም ስሙን ለማወቅ የማልሰጠው ነገር አልነበረም። ጭራውን ከእጇ ሥር አነሣሁት።

“ጋሼ፣ ያለ ጭራ ነው ያገኙት” አልኳቸው። “ያለ ጭራ ያበርክቱት።”

በጨርቁ ጠቀለልኩት። ያኔ ከዚያ ሜዳ የወጣሁት ጉልበቴ ላይ የተጣበቀውን ጠጠር እያራገፍኩ፣ ባዶ እጄን ነበር። አሁንም በዚያው በር ወጣሁ።