በግራ ጣት መመከት

በ2017 ዓ.ም.፣ በየካቲት፣ ደሴ የበልግ ዝናብ ስትጠብቅ፣ ግራ እጄ አልታዘዝ ካለኝ ሁለተኛ ወሩን አልፎ ነበር። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል።

የታመምሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። ለሱብሂ ሶላት ልነሳ ስል ግራ ጎኔ አብሮኝ አልተነሳም። ደም ግፊት ነው አሉ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ፤ ከወጣሁም በኋላ በየሳምንቱ በሚኒባስ እመላለስ ነበር። አልሀምዱሊላህ፣ አፌ ተመለሰ፤ እግሬም ቀስ እያለ ተመለሰ። እጄ ብቻ ቀረ። ጣቶቼ በየቦታቸው አሉ፣ ግን እኔን አይሰሙም።

ሐኪሙ አንድ የላስቲክ ኳስ ሰጥተውኝ «በቀን ሦስት ጊዜ ይጭመቁት» ብለውኝ ነበር። ሦስት ቀን ሞከርሁ። ኳሱም ዝም፣ እጄም ዝም። ከዚያ ኳሱ ተንከባልሎ አልጋ ሥር ገባ፤ እኔም አልፈለግሁትም።

ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። ቤት ያለነው እኔና አንዲት ልጄ ነን። እሷ ኮምቦልቻ ምህንድስና ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ፈተና በእኔና በኮምቦልቻ መካከል እየተመላለሰች ጨረሰችው። አንድ ቀን እሷ ፈተና ላይ ሳለች ድስት በአንድ እጄ ላወርድ ስል እግሬ ላይ ደፋሁት። ስትመጣ አየችው። ቁስሉን አጠበች፣ ቅባት ቀባች፣ እራት ሠራች። እየበላን ሳለን ተናገረች።

«የሚመጣውን መንፈቅ ዓመት አልመዘገብም።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ?»

አንዱ መንፈቅ ካለፈ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። በሠፈራችን እናት ላስታምም ብለው ለዓመት አቋርጠው በዚያው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ምዝገባው ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ነበረው። በእያንዳንዱ ሶላት ለእጄ ዱዓ ሳደርግ፣ የምለምነው ለእጄ አልነበረም።

ነገሩን የጀመረው ኮምቦልቻ ጌም ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ነው። ልጄ በስልክ ስለ ኳሱ ስትነግረው ሳቀ።

«አክስቴን ማን ኳስ ተጫወች አላት? ድብድብ እልክላታለሁ።»

በማግስቱ አሮጌ ማጫወቻ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከሚኒባስ ሹፌር ጋር ላከልን። ልጄ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘችው፤ ጆይስቲክ የሚሉትን መያዣ ጭኔ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ በየቦታቸው አደረገችልኝ።

ከዚያ ያየሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከተማ ታየ፣ በላዩ ላይ ሰው በአየር ይሄዳል። ካባው በነፋስ ሲርገበገብ የስፌቱ ክር ይታያል። ዝናብ ሲወርድበት ጨርቁ ይረጥባል፣ ይከብዳል። ጉም ከተራራው ወደ ቤቶቹ ይወርዳል፣ ልክ ከጦሳ ወደ እኛ እንደሚወርደው። ሱብሓነላህ አልሁ።

«ፊልም ነው?»

«አይደለም እማ። አንቺ ነሽ የምታንቀሳቅሺው።»

«በምኔ?»

«በዚህች» አለችና የግራ አውራ ጣቴን ነካች።

መጀመሪያ ጀግና መምረጥ ነበረብኝ። ሃያ ምናምን ሆነው ተደርድረዋል። አንዱ ከእጁ እሳት ያወጣል፣ አንዱ ክንፍ አለው፣ አንዱ እንደ መብረቅ ይሮጣል። የሴቶቹ ልብስ ግን አጠረብኝ።

«የለበሰችዋን ስጪኝ።»

«ሁሉም ለብሰዋል እኮ እማ።»

«ይሄ ልብስ ነው?»

ሳቀች። ድስቱን ከደፋሁ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ መጨረሻው ወሰደችኝ። እዚያ አንዲት ሽበታም ሴት ቆማለች፤ ካባዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል፣ ራሷም ተሸፍኗል። መሬቱን በእግሯ ስትመታ ከፊቷ የአፈር ግንብ ይነሳል።

«ይቺን ማንም አይመርጣትም። ቀርፋፋ ናት» አለች ልጄ።

«እኔስ?» አልኋት።

የጨዋታው ዓይነት ብዙ ነው፤ ልጄ እንግሊዝኛውን እያነበበች ነገረችኝ። ታሪክ የሚባል አለ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበት አለ። በአንድ ነፍስ ብቻ የሚሄዱበትም አለ። የጀመርነው በልምምዱ ነው። በልምምድ ባላጋራው ዝም ብሎ ይቆማል፤ አይመታም፣ አይሸሽም።

«ምቺው» አለች ልጄ።

«ምን አደረገኝ?»

«ምንም አያደርግሽም። ለመማሪያ ነው።»

«ዝም ያለ ሰው አልመታም።»

ይህን ስል ልቀልድባት አልነበረም። እጄ እምቢ አለ፤ ደህናው ቀኝ እጄ ማለቴ ነው። እኛ አገር ወንዶች ዱላ ሲመዛዘዙ ሴት መሐል ትገባለች። ነጠላዋን መሬት ላይ ካነጠፈች ያን ነጠላ ረግጦ የሚማታ የለም። እናቴ ሐርቡ ገበያ ላይ እንዲህ አድርጋ ሁለት ወንድማማቾች ስታለያይ በዓይኔ አይቻለሁ። መሐል መግባትን እንጂ ከአንዱ ወገን ሆኖ መምታትን አላስተማረችኝም።

ልጄ ተነፈሰች። «እሺ፣ እንዲመታሽ ላድርገው። አንቺ መክቺ።»

መመከቻው የት እንዳለ ጠየቅሁ። ከላይ በግራ በኩል ነው፤ በአመልካች ጣት ተጭኖ ይያዛል። መሄጃውም በግራ አውራ ጣት ነው። ምቱ ሁሉ በቀኝ ነው። እኔ አልመታም ስላልሁ ሥራው ሁሉ በግራ እጄ ላይ ወደቀ። ይህን እኔም ልጄም አላሰብነውም፤ ያሰበው አንዱ አላህ ነው።

በዚያ ቀን አውራ ጣቴ የፀጉር ያህል ተነቃነቀች። እኔ እንኳ አልተሰማኝም ነበር። ባለ ካባዋ ግን አንድ እርምጃ ሄደች። ልጄ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ። ኳሱን ስይዝ ምንም የሚመልስልኝ አልነበረም። እዚህ እኔ የፀጉር ያህል ስነቃነቅ ያቺ ሴት ከነካባዋ ተራመደች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ ታሪኩን እንጫወት ነበር። ታሪኩ ከከተማ በላይ ስላለ ግድብ ነው። ግድቡ ይሰነጠቃል፤ ጀግኖቹ ማን ሰነጠቀው ተባብለው እርስ በርስ ይጣላሉ። በየምዕራፉ ሌላ ሰው ሆኜ እነሳለሁ። በሁለተኛው ምዕራፍ ባለ ክንፉ ሲወድቅ ሳላስበው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልሁ።

«እማ፣ ይነሳል እኮ። ሁለተኛ ዙር አለው።»

«የሞተ ይነሳል?»

«እዚህ ይነሳል።»

«አስተግፊሩላህ» አልሁ፤ ሲነሳ ግን ደስ አለኝ።

በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ግድቡን ሰነጠቀ የሚባለውን ጠላት ሆንሁ። በእሱ እግር ሄድሁ። ቤቱን ውሃ ሲወስደው አየሁ፤ በሩ ላይ የልጅ ጫማ ተንሳፍፎ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ስረግመው ነበር የቆየሁት። ይህን የሠሩት ሰዎች በየት አገር እንዳሉ አላውቅም፤ ግን አንዱ ቁጭ ብሎ ያችን ጫማ አስቧታል። ያን የመሰለ አእምሮ ለሰው የሰጠው ጌታ ምን ያህል ታላቅ ነው ብዬ መጫወቱን ረሳሁት። ልጄ «ደከመሽ?» አለችኝ። አልደከመኝም ነበር።

አንድ ቀን ስመክት፣ ስመክት የዙሩ ሰዓት አለቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ወጣ።

«አሸነፍሽ ይላል» አለች ልጄ።

«ምን አድርጌ?»

«ምንም። ሰዓት ሲያልቅ ላይፉ የተረፈለት ነው የሚያሸንፈው።» ላይፍ የሚሉት ከላይ ያለውን አረንጓዴ መስመር ነው፤ በተመታህ ቁጥር ያጥራል።

«ሶብር ያደረገ፣ የታገሠ ማለት ነዋ።»

«እንደዚያ በይው።»

ሐሙስ ዕለት ጎረቤቴ መጡ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በሠፈራችን ለታመመና ለተጨነቀ ዱዓ የሚያደርጉ ዱበርቲ ናቸው። በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ባለ ካባዋና ባለ እሳቱ ተያይዘው ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእጅ መድኃኒት ነው እትዬ» አለች ልጄ።

«መድኃኒት እንዲህ ይማታል?»

«እሷ አትመታም፤ ትመክታለች እንጂ።»

«ድሮስ እሷ መቼ ሰው መትታ ታውቃለች» አሉና ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን አወጡ። ትንሽ ቆይቶ የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ። «በጀርባሽ ነው፤ በጀርባሽ መጣልሽ፤ አንቺ ደግሞ ምን ታንቀላፊያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአስር በኋላ ቀርተው አያውቁም።

አንድ ነፍስ የሚባለውን የወደዱት እሳቸው ናቸው። በእሱ አንዱን አልፈህ ወደ ሌላው ስትሄድ ቁስልህን ይዘህ ነው፤ መስመሩ አይሞላም። «ይሄኛው እውነቱን ይናገራል» አሉ። እኔ በአንድ ነፍስ ከሦስተኛው ሰው አልፌ አላውቅም።

የመመዝገቢያው መጨረሻ ሰኞ ነበር። እሑድ ከአስር በኋላ ልጄ ማጫወቻውን ስትከፍት፣ «ዛሬ ከአንቺ ጋር ነው» አልኋት።

«ከእኔ ጋር?»

«ሁለት ሰው በሚጋጠሙበት። ሰዓቱ ሲያልቅ የኔ ላይፍ ከበለጠ ነገ ትሄጃለሽ።»

ፊቷ ተለወጠ። «እማ፣ በጌም ይወሰናል እንዴ?»

ጎረቤቴ ቀና አሉ። «ይሄ ነገር ቁማር አይሆንም?»

«ገንዘብ የለበትም እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቃል ነው።»

«ቃል ከሆነ እኔ ምስክር ነኝ» አሉና እግራቸውን አጣጠፉ።

ልጄ ሁለተኛ መያዣ ሰክታ ባለ ክንፉን መረጠች፤ በእሱ የሚያሸንፋት የለም። እኔ ያችኑ ባለ ካባ። ዙሩ ዘጠና ሰከንድ ነው። ሲጀመር እየሳቀች ሳትጠነቀቅ መጣች። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ መታኋት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመታሁት እሱን ብቻ ነው። ደነገጠች፤ መስመሯ አጠረ።

«አስተግፊሩላህ በይ» አሉ ጎረቤቴ።

«ብያለሁ» አልሁ።

ከዚያ ግንቡን አነሳሁ። በግራ አመልካች ጣቴ ተጭኜ ያዝሁ። ልጄ ከላይ መጣች፣ ከታች መጣች፣ ዘልላ ከኋላዬ ወረደች፤ በአውራ ጣቴ ዞርሁና ያዝሁ። የተመከተ ምትም ቢሆን ከመስመሬ ጥቂት ጥቂት ይሸርፋል። ሠላሳ ሰከንድ ሲሆን ጣቴ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ስድሳ ሲሆን እስከ ክርኔ እሳት ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ያልተሰማኝ ክንድ ነው። ሕመሙን አመሰገንሁት። ጎረቤቴ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ያወርዳሉ፤ ሌላ ድምፅ አልሰማም።

አሥር ሰከንድ ሲቀረው ባለ ክንፉ ቆመ። አይመታም፣ አይንቀሳቀስም። ተንኮል መስሎኝ ግንቡን አለቀቅሁም። መቆሙ ሲበዛብኝ ግን ዘወር አልሁ። ልጄ ወደ ቴሌቪዥኑ አታይም። እጄን ነው የምታየው። ጣቴ ነጭ እስክትሆን ተጭናለች፤ ሌሎቹም መያዣውን ጨብጠውታል፤ አምስቱም።

ሰዓቱ አለቀ። ቴሌቪዥኑ የባለ ካባዋን ስም ጻፈ። ከልጄ መስመር የእኔ የጥፍር ያህል ይረዝም ነበር።

«ለቀቅሽልኝ» አልኋት።

«የመጨረሻዋን ብቻ።»

«በፊትስ?»

«በፊት ወላሂ፣ ባለኝ ኃይል ነው የመታሁሽ።»

መያዣውን ከእጄ ልትወስድ ስትል አልለቀቀም፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እሷው አላቀቀቻቸው። እያንዳንዷ ጣት ስትላቀቅ ትዘረጋለች፤ መልሳ ትታጠፋለች። የእነዚያን ጀግኖች እጅ ሳይ ይህን የሠራ ሰው እንዴት ያለ ነው እያልሁ ሳደንቅ ሰንብቻለሁ። በዚያች ሰዓት የገዛ ጣቴን አየሁ። አጥንቱን፣ ሥሩን፣ ቆዳውን፣ ልታጠፍ ስላት የምትሰማኝን። ሃምሳ ዓመት ይዣት ስሄድ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እንግዲህ ልብስሽን አስገቢ» አሉ ጎረቤቴ ለልጄ። «ቀን ቀን እኔ አለሁ። አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ ይህን ማጫወቻ መልሺ የሚል ሰው ቢመጣ አይሆንም በይው።»

ልጄ ሳቀች፤ አለቀሰችም። መግሪብ አዛን ሲል ቴሌቪዥኑን ዘጋን።

በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። የኮምቦልቻው ሚኒባስ ሲሞላ የመንገድ ዱዓ አደረግሁላት፤ «ስደርስ እደውላለሁ» አለች፤ ሚኒባሱም ሄደ። ቤት ተመልሼ ዉዱእ አድርጌ ዱሓ ሰገድሁ። ከዚያ የአልጋዋን አንሶላ አውጥቼ አጠብሁ፣ በሁለት እጄ ጨምቄ ግቢው ውስጥ አሰጣሁት። ጭመቃዬ ደካማ ስለነበር እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ይንጠባጠብ ነበር።