በራሱ ስልክ አንደኛ

ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! ኦሎምፒያ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ በጉግል አንደኛ መሆኑ ታውጇል። አዋጁን ያወጣውም የሰማውም እሱ ብቻ ነው።

የድሮ ሱቁ የነበረበት ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱ ወደዚህ መጣ፣ ደንበኞቹ ተበተኑ፤ እንዲያገኙት ብሎ ሱቁን ኢንተርኔት ላይ አስገባ። ጠዋት ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጉግል ላይ «የአባት ኮት ለልጅ ማጥበብ፣ ካዛንቺስ» ብሎ ይጽፍና ከሚመጣው ዝርዝር የራሱን ሱቅ ይነካል። አመሉን የለመደው ስልኩም ከሁሉ በላይ ያወጣዋል፤ አሽቃባጭ!

«አየሽ ሩቲ፣ አንደኛ ነኝ!» ይላታል ጥፍር ሠሪዋን ጎረቤቱን።

«ጋሼ፣ እኔ ስልክ ላይ እኮ የሉም።»

«ያንቺ ስልክ ካዛንቺስን የት ያውቅና!» ይልና ባዶ መስቀያዎቹን ያስተካክላል።

አንተ የድሮ ሰፈርተኛ፣ የአባትህ ኮት ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ፣ እስቲ እነዚያን ቃላት ጻፍ። ከላይ ካጣኸው ስልክህን አትዝጋ፤ ወደ ታች ውረድ፣ አሁንም ውረድ፣ እስክታገኘው...